እታያለሁ ወይ?

ፒኖስ ደሴት፣ ኩባ

ቤቱ ክብ ነው፣ እንደ በርሜል፤ ማዕዘን አልሠሩለትም፤
ፊት አዙሮ ማልቀሻ አንዲት ጥግ አልተዉለትም።
ክፍሎቹ ፎቅ በፎቅ ዙሪያውን ተደርድረው፣
እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ወደ መሐል ዞረው፣
በር እንኳን የላቸው፤
ዓይን እያለ፣ በር ምን ሊፈይድላቸው?

ከመሐል ግንብ ቆሟል፣ ራሱ ላይ ቆብ የደፋ፣
ወገቡ ላይ ስንጥቅ፣ እንደ ቢላ የቀጠነ፣ እንደ ቂም የሰፋ።
ዘበኛው በምድር ስር፣ በዋሻ ይገባል፤
ሲገባ ያየው የለም፣ ሲወጣስ ማን ያውቃል?
አለ ስንል የለም፣ የለም ስንል ይኖራል።

የነደፈው መሐንዲስ ብልህ ሰው ነው አሉ፤
አንድ ወንበር በቃው፣ ለሺህ ሰው በሙሉ።
የቀረውን ዘበኛ ከወዴት አመጣው ቢሉ፣
ከኛው አናት ውስጥ ነው የተቀጠሩት ሁሉ።

እኔ ሸንኮራ ቆራጭ፣ በረሃብ ዘመን የጌታዬን በሬ አርጄ፣
ስምንት ዓመት ተፈርዶብኝ፣ ከካማጉዌይ በእግር ብረት ሄጄ፣
እዚህ፣ ባልዲ ላይ ስቀመጥ፣ ፊቴን በባርኔጣ ጋርጄ፣
ሌላው አካል ይታይ፤
ፊቴን ብቻ የደበቅሁት መሰላችሁ ወድጄ?

ጎረቤቴ ክሪስፒን ይባስ ብሎ ለግንቡ ሰላምታ ይሰጣል፤
ማለዳ ጎንበስ ይላል፣ ማታ “ደህና ይደሩ” ይላል፣
ሌሊት በሕልሙ ቢሰርቅ፣ ሲነጋ ይናዘዛል።

አንድ ጥቅምት ላይ ማዕበል የግንቡን ቆብ ገመሰው።
“አንተ፣ ኖራ መቀባት ታውቃለህ?” “አዎን” አልኩ፤ ውሸቴን ነው።
በዋሻው መሩኝ፤ ጨለማው ያንጠባጥባል፣
የገዛ እርምጃዬ ቀድሞኝ ይራመዳል።
መሰላሉን ስወጣ፣ ልቤ በጉሮሮዬ፣
አሁን ነው የማየው፣ አሁን ነው የሚያየኝ ያ ዓይን፣ ብዬ።

አንድ ሽማግሌ ነበር። ኒካኖር ነው ስሙ።
ኦቾሎኒ ይፈለፍላል፤ አብጦበታል ቅልጥሙ፤
መነጽሩ በክር ታስሯል፤ ግድግዳው ላይ፣ እንደኛው፣
አምስት አምስት ሆነው፣
የተጫሩ ቀናት ቆመዋል እስኪደክሙ።

ኖራዬን በጠበጥኩ። ዝም። ቀባሁ። ዝም።
“ስማ” አለኝ ቆይቶ፣ ወደኔ ሳይዞርም፣
“ከዚያ ከክፍልህ ሆነህ፣ እኔ… እታያለሁ ወይ?
ፋኖሱን ያነሳሁ እንደሁ፣ ጥላዬስ አይለይ?”
“ስንጥቁ ብቻ ነው፣ ጌታዬ።”
“ሌላ ምንም?”
“ምንም።”
ፍሬው ከእጁ ወደቀ፤ ሊያነሳው አላጎነበሰም።
“አስራ አንድ ዓመት” አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ስመለስ ክሪስፒን ጠበቀኝ፦ “ስንት ናቸው? ዓይናቸው ያበራል?”
ምን ልበለው? አንድ አሮጌ፣ እግሩ አብጦ፣ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል?
“ያበራል” አልኩት። እግዜር ይማረኝ፤
ሰው የለመደውን አምላክ ማን ደፍሮ ይነጥቃል?

ጠላቴ ነው ኒካኖር፤ ይህን አልዘነጋሁም፤
የቤልትራንን ጥርስ ያስረገፈችው የሱ ፊሽካ ናት፤ አልማርኩትም።
ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ባልዲው ላይ ፊቴን አልጋርድም፤
ማታ ደወል ሲደወል፣ ያችን ባርኔጣ ከራሴ አነሳለሁ
ወደ ስንጥቁ፣ ለአፍታ፤
ለፍርሃት አይደለም፣ ለምሕረትም አይደለም፣ እንዲያው ለሰላምታ፤
ሰው አለ ብሎ ላሰበ፣ አለህ እንደማለት በማታ።

መልስ አልጠበቅሁም ነበር።
አንድ ቀን ግን፣ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ እንኳን ሳይኖር፣
ከስንጥቁ ወደ ታች፣
የኦቾሎኒ ቅርፊት፣ እፍኝ ሙሉ፣ ዝር… ዝር…

ክሪስፒን ተንበረከከ።
እኔ ባርኔጣዬን ደፋሁ፤ ሳቄን እንዳያይ፣ ማንም፣ ከየትም ዞር።